የሙዚቃ ባለቤትነትና ፈቃድ



ሸክላን በሥውር አባዝቶ መሸጥ ስርቆት መሆኑን የሚክድ የለም፤ የሚያከራክረው ከዚህ የረቀቀው ነው። የልዩ ልዩ ሰዎችን ሙዚቃ በአንድ መድበል የሚያወጣ አሳታሚ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከዜማው ደራሲ፣ ሌላው ከተቀረፀው ድምፅ ባለቤት።

በ1999 እ.ኤ.አ. የዲትሮይቱ አሳታሚ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የዲጄ ሮላንዶን «ጃጓር» የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አወጣ። የሶኒ ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ ፈቃድ ባያገኝ ያንኑ ሙዚቃ በሌሎች አስመስሎ አስቀረፀ፤ ከአድማጮችም ብርቱ ተቃውሞ ተነሣበት።

ዋናው ቅጂ ስላልተነካ ስርቆት የለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የደራሲው ድካም በድምፁ ቅንብር ውስጥ ነው፤ ያንን አስመስሎ መሥራት በፊት በር የተከለከሉትን በጓሮ ገብቶ መውሰድ ነው። እምቢታን ለመቀበል ያልተዘጋጀ አሳታሚ ፈቃድ ጠየቀ አይባልም።