4,294,967,297 ስለሚባለው ቁጥር የተደረገ ንግግር



በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ቁጥር 32 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝተን 1 ስንጨምርበት የሚገኘው ነው። ይህን ቁጥር የመረጥሁት አንድ ታላቅ ሊቅ ስለ ተሳሳተበት ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ዓ.ም. አምስት ቁጥሮችን ተመለከተ፤ እነርሱም 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ናቸው። የተገኙትም 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመጨመር ነው። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ፌርማ የሚከተሉትም ሁሉ እንዲሁ ይሆናሉ ብሎ አመነ። ማስረጃ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም፤ ይህም ያስመሰግነዋል።

ስድስተኛው እንሆ በሰሌዳው ላይ ያለው ነው። በ1732 ስዊዘርላንዳዊው ሌዮናርድ ኦይለር ይህ ቁጥር በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አስታወቀ። አካፋይ ቢኖረው ያ ብቸኛ አካፋይ በ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ቀጥሎም 641 ናቸው። ከ2 ጀምሮ በየተራው የሚሞክር ሰው ከመቶ በላይ ማካፈል ሲኖርበት፣ በዚህ መንገድ በአምስተኛው ይደርሳል።

ሳያካፍሉ ማየትም ይቻላል። ይህ ክፍል እጅግ ደስ ስለሚለኝ ጥቂት ታገሡኝ። 640 ማለት 5 ጊዜ 128 ነው፤ በ641 ለመካፈልም 1 ይጎድለዋል። አራት 640ዎችን ብናባዛ ጉድለቱም አራት ጊዜ ይባዛና 1 ይተርፋል። ነገር ግን ይህ ብዜት አራት አምስቶች፣ ማለት 625፣ ከ28 ሁለቶች ጋር ሲባዛ ነው። 625 ደግሞ ከ641 በ16 ያንሳልና፣ በ625 ፈንታ «ከዜሮ በታች 16» ብናኖር ቀሪው አይለወጥም። 16 አራት ሁለቶች ነው፤ ከ28ቱ ጋር 32 ይሆናሉ። እንግዲህ የ32ቱ ሁለቶች ብዜት ከዜሮ በታች ሆኖ 1 ከተረፈው፣ ብዜቱ ራሱ 1 ይጎድለዋል ማለት ነው። ያን 1 ስንጨምርለት በ641 ይካፈላል!

እኔ ግን እንደ ቶማስ ካልዳሰስሁ አላምን ብዬ በእጄ አባዛሁት። 6,700,417ን በ600፣ በ40 እና በ1 አባዝቼ 4,020,250,200፣ 268,016,680 እና 6,700,417 አገኘሁ። መጀመሪያ ስደምር ተሳስቼ ነበርና ኦይለርን ለጥቂት ጊዜ በከንቱ ጠረጠርሁት።

«ይህ ምን ይጠቅማል?» ያለኝ ጓደኛዬ እዚሁ ተቀምጧል። ጀርመናዊው ጋውስ በ1796፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ 17 እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አገኘ። ይህም የሚቻለው 17 ከነዚሁ ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች አንዱ ስለ ሆነ ነው።

ከ65,537 ወዲያ ብቸኛ የሆነ የፌርማ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቀጣዮቹ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚያድጉ ለማየት የሚሻ ቢኖር 64 ሁለቶችን ያባዛ፤ ጠመኔው ከሰሌዳው ሥር አለ።