ሃዊክ፦ ከጡረተኛ ወታደሮች መንደር ወደ ባሕር ዳር ሰፈር

የዕለቱ ርዕስ በኒው ዚላንድ የምትገኘው ሃዊክ ከወታደር መንደርነት ተነሥታ የኦክላንድ ከተማ የባሕር ዳር ሰፈር የሆነችበት ሂደት ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይጠቀሳሉ።

የብሪታንያ መንግሥት በጊዜው ርእሰ ከተማ የነበረችውን ኦክላንድን የማኦሪ ተዋጊዎች ከደቡብ ያጠቋታል ብሎ በመሥጋቱ፣ ፌንሲብል የተባሉ ጡረተኛ ወታደሮችን ከ1847 ጀምሮ ከነቤተሰባቸው በመርከብ እያስመጣ በኦኔሁንጋ፣ በኦታሁሁ፣ በፓንሙርና በሃዊክ አሰፈራቸው። ወታደሩ ለ7 ዓመት ውል ገብቶ በዓመት 12 ቀን ይሠለጥናል፣ እሑድ እሑድም ይሰለፋል፤ በምላሹ ጎጆና አንድ ኤከር፣ ማለትም 0.4 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጠዋል፤ ውሉን ሲፈጽምም ይዞታው የራሱ ይሆናል። ይህች መሬት ቤተሰብ ለማኖር ስለማትበቃ አብዛኛው ሰፋሪ የቀን ሥራ ፍለጋ መውጣቱ አልቀረም።

ታዳሚዎች በዚህች አንድ ኤከር ላይ ጥቂት ቢቆዩ መልካም ነው፤ የሃዊክ ታሪክ ከመርከብ ሲጀመር መሬቱ ከማን እንደተገኘ ሳይነገር ይታለፋልና። በ1836 ዊልያም ፌርበርን የተባለ ሚስዮናዊ ይህን አካባቢ የሚያጠቃልል እጅግ ሰፊ መሬት ከማኦሪዎች በግዢ ያዘ፤ በተከታዩ ዓመትም ሲሶውን ለባለቤቶቹ እንደሚመልስ በጽሑፍ ቃል ገባ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ግዢውን መርምሮ ለፌርበርን የሚገባውን ከወሰነ በኋላ «ትርፍ» ያለውን ለመንግሥት አደረገው፤ ሲሶው ግን እንደ ቃሉ አልተመለሰም። ስለዚህ ወታደሩ በ7 ዓመት አገልግሎት ያገኘው ርስት፣ እንደ ንጋይ ታይ ላሉት የአካባቢው ነገዶች ያልተከፈለ ዕዳ ነበር፤ የሰፈራውም ታሪክ ያለዚህ ዕዳ ሙሉ አይሆንም።

ወታደሮቹ መምጣት በጀመሩበት በ1847 ጳጳስ ጆርጅ ሴልዊን የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያንን እንጨት በቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ አስጠርቦ በባሕር ወደ ሃዊክ አስጓጓዘ፤ ምእመናኑም ሕንፃው ሳይጠናቀቅ በኅዳር ወር ጸሎት ጀመሩበት። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ቆሟል።

ርዕሱ ተስፋ የሰጠው የከተማነት ጉዞ በአጭሩ መነገር ግድ ሆኗል። በ1863 ከማኦሪዎች ጋር የዋይካቶ ጦርነት ሲነሣ በሃዊክ ኮረብታ ላይ ምሽግ ተሠራ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱ ሲሻሻል የከተማ ሠራተኞች መኖሪያ ተስፋፋ፤ በ1980 ጥንታዊ ጎጆዎችን የያዘው ታሪካዊ መንደር በፓኩራንጋ ተከፈተ። የንጋይ ታይ የመሬት አቤቱታ መፍትሔ ያገኘበት ሕግ የወጣው በ2018 ነው።