በሴንድና በሪተርን መካከል ያለው ኬብል



ጥር ገብቶ የሠርግ ዳስ መተከል ሲጀምር የኬብል ገበያም አብሮ ይሞቃል። «ጃኩ ወርቅ የተቀባ ነው፣ ረዘም ያለ ውሰድ» እየተባለ የሚሸጠውም ያኔ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ ሴንድና ሪተርን ከሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች እስከ ፔዳሎቹ ስለሚዘረጋው ኬብል ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እዚያ ቦታ ላይ ከርዝመቱ ይልቅ ዓይነቱና ብየዳው ይበልጣል። ስለ ርዝመት መጨነቅ ያለብን ከጊታሩ እስከ መጀመሪያው ፔዳል ባለው ላይ ነው።

በእነ አይቤክስ ባንድ ዘመን አምፕሊፋየሮች ሴንድና ሪተርን ብዙም አልነበራቸውም፤ ፔዳል ሁሉ ፊት ለፊት ነበር የሚሰካው። ዛሬ ግን ኃይለኛው ዲስቶርሽን ራሱ አምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ ፕሪአምፑ ላይ ነው የሚፈጠረው። ኢኮውን ከፊት ከሰካችሁት ድግግሞሹ ሁሉ በዲስቶርሽኑ ውስጥ ይፈጫል፤ ቃና ከቃና አይለይም። ስለዚህ ድምፁ ፕሪአምፑን ካለፈ በኋላ በሴንድ ይወጣል፣ በኢኮና በሪቨርብ ያልፋል፣ በሪተርን ይመለሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የጊታር ፒካፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የመሣሪያ ኬብል ደግሞ በመሀል ሽቦውና በዙሪያው ባለው ሺልድ መካከል ካፓሲታንስ አለው፤ በአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ገደማ። 4 ሄንሪ ያለው ፒካፕ 6 ሜትር ኬብል ሲሰካበት ድምፁ ወደ 3.2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጎልቶ ከዚያ በላይ ያለው ይወድቃል። ኬብሉ 12 ሜትር ከሆነ ግን መውደቁ የሚጀምረው ከ2.3 ኪሎኸርዝ ነው። «ጊታሬ ታፈነ» የምትሉት ይህን ነው።

ሴንድ ግን ሌላ ዓለም ነው። አብዛኛው ዘመናዊ አምፕሊፋየር ሴንዱ ላይ ባፈር (ኢምፔዳንስን ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪት) ስላለው የውጤት ኢምፔዳንሱ አንድ ሺህ ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚያ ላይ 12 ሜትር ብትጭኑበት መቆረጡ የሚጀምረው 130 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል። ባፈር የሌለው፣ 40 ሺህ ኦም ያህል የሚሰጥ ሴንድ ሲያጋጥማችሁ ግን ያው 12 ሜትር ወደ 3.3 ኪሎኸርዝ ያወርደዋል። የትኛው እንዳላችሁ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፦ ሴንድና ሪተርኑን በአንዲት አጭር ኬብል አገናኙና ተጫወቱ፤ ከዚያ በረጅሙ ለውጡት። ድምፁ ከጠቆረ ባፈር ያለው ፔዳል ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ይቀመጥ። እግራችሁ ሥር ብታደርጉት የሴንዱ ኬብል ሳይጠበቅ ቀረ ማለት ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ባፈር አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ለማሲንቆና ለክራር ተጫዋቾች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የምትለጥፉት ፒዬዞ ከፒካፕ የተለየ ጠባይ አለው፦ የኬብሉ ርዝመት ቀጭኑን ድምፅ አይቆርጥበትም፣ ጠቅላላ ጉልበቱን ነው በጥቂቱ የሚቀንሰው። አደገኛው ሌላ ነው። የሚሰካበት ቀዳዳ ኢምፔዳንስ ካነሰ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። 20 ናኖፋራድ ያለው ፒዬዞ 10 ሺህ ኦም ላይ ከተሰካ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው እየሳሳ ይሄዳል፤ ማሲንቆው የትንኝ ድምፅ ይሆናል። በቀጥታ ሪተርን ላይ አትሰኩት፤ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም ያለው ፕሪአምፕ ይቅደመው።

አሁን ወደ ሴንድና ሪተርን ኬብል ዓይነት እንመለስ። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ኬብል ሺልድ የለውም፤ ሁለት ወፍራም ሽቦ ብቻ ነው። በሴንድና በሪተርን ከዘረጋችሁት የመብራቱን 50 ኸርዝ እየለቀመ ያጉረመርማል። በተቃራኒው የጊታር ኬብል ለስፒከር ብታደርጉት ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፣ አምፕሊፋየሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የጃኩን ሽፋን ፈታችሁ እዩ፦ መሀል ላይ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው እንደ መረብ የተጎነጎነ መዳብ፣ ያ መረብ ተጠቅልሎ ትልቁ ጆሮ ላይ ተበይዷል። ብየዳው የደበዘዘና የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም አንዲት የመረቡ ክር የመሀሉን ጫፍ ከነካች፣ የወርቅ ቅቡ ምንም አያደርግላችሁም። ከክረምቱ እርጥበት በኋላ ይህን ማየት ግዴታ ነው። ስቴሪዮ ኬብልማ ለሞኖ ሴንድ ትርፍ ነው፤ ሴንዱ ባላንስድ ካልሆነ በቀር።

ኬብሉ ደህና ሆኖም የሚጮኽ ከሆነ አምፕሊፋየሩና የፔዳሉ አዳፕተር ከሁለት የተለያዩ ሶኬቶች እየወሰዱ እንደሆነ አጣሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቡ። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ ጩኸቱን ማጥፋት የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት፤ በጄኔሬተር በሚሠራ ዳስ ውስጥ ያ ሽቦ የሕይወታችሁ መጠበቂያ ነው።

ርዝመቱንስ? መድረኩን በእርምጃ ለኩና ለእግርና ለመታጠፊያ አንድ ሜትር ጨምሩ፤ ለሁለቱም መስመር እኩል ቁረጡ፣ አንዱን ቀይ ሌላውን ጥቁር ቴፕ ጠቅልሉበት። በመብራት ጊዜ ሳይሆን በጨለማ ነው የምትሰኩት። የተረፈውን ኬብል ከመብራቱ ገመድ ጋር አጣምራችሁ አትጠቅልሉ። አሁን ኬብሎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ መልቲሜትሩና መበየጃው ተዘጋጅተዋል፣ በየተራ እንፈትሻቸዋለን።