በሽታ ሲያገረሽ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይገባዋል?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ግርሻ ነው። ግርሻን የማያውቅ ቤት የለም። በሽተኛው ላብ ወጥቶለት፣ እህል ቀምሶ፣ «ተመስገን፣ ተነሣ» ሲባል በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይተኛል። ያን ጊዜ ወቀሳው በቤቲቱ እመቤት ላይ ይወርዳል። «ፀሐይ ላይ አውጥታው ነው፤ የወጥ ሽታ ሸቶት ነው» ይባላል። እስቲ እርሷን ከመውቀሳችን በፊት የበሽታውን ጠባይ እንወቅ።

ለምሳሌ ኮሮናን እንውሰድ። ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ነው። ለዚህ በሽታ ፓክስሎቪድ የሚባል ክኒን ተገኝቷል። ሐኪም የሚያዘው በተለይ ለሽማግሌዎችና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነው። ሕመሙ ከጀመረ 5 ቀን ሳይሞላው ተጀምሮ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይወሰዳል። በሽታው እንዳይጠና ይረዳል። ሆኖም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በአንዳንድ ሰው ላይ በሽታው ያገረሻል።

በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ይህ ደርሶባቸዋል። ሐምሌ 14 ቀን በሽታው ተገኘባቸው፤ መድኃኒቱን ጨረሱ፤ ተመርምረውም ነጻ ሆኑ። ሐምሌ 23 ቀን ግን የሕመም ስሜት ሳይኖራቸው በሽታው እንደገና ተገኘባቸው፤ እንደገናም ከሰው ተለይተው ተቀመጡ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐኪሞች ከአጠገባቸው በማይለዩ ሰው ላይ ያገረሸ በሽታ በእናንተም ቤት ቢያገረሽ እናቲቱ ምን አጠፋች?

ምክንያቱስ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል፤ የቀረውን የሚያጠፋው የሰውነት የራሱ ኃይል ነው። ሰርዶን ታውቁት የለም? ከላይ ቢያጭዱት ሥሩ ከቀረ ያቆጠቁጣል። የዚህም ነገር እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት ባልወሰደ ሰውም ላይ ስለሚያገረሽ መድኃኒቱን መፍራት አይገባም።

ግርሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተሻለው በኋላ ከ2 እስከ 8 ባሉት ቀኖች ውስጥ ነው። ለበሽተኛው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ አደጋው አጠገቡ ላሉት ነው። ጎረቤት «እንኳን እግዜር ማረህ» ሊል የሚመጣው፣ አያትም አቅፈው የሚስሙት በዚያው ሰሞን ነውና። ስለዚህ፦

1ኛ. የታዘዘው ክኒን ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥ። ከሌሎች ብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ ለሌላ ሰው አይሰጥ።

2ኛ. ሳሉ ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰ በሽተኛው እንደ መጀመሪያው ቀን ለብቻው ይተኛ፤ መስኮትና በር ይከፈት። ከሽማግሌዎች ይራቅ።

3ኛ. ሰው ሲቀርበው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። በአንድ ጣሳ ከሌላው ጋር አይጠጣ።

4ኛ. የምታስታምሚ እኅቴ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድና በውሃ እሺው።

5ኛ. የታመመች እናት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ልጇን ታጥባ። መድኃኒት የምትወስድ እንደ ሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ።

6ኛ. ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ ከወጋው ወይም ከቃዠ፣ ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እናቶቼ፣ በሽተኛው ተነሣ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ ጥቂት ቀን ታገሡ። ያ ትዕግሥት የአያትን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥልን።