የሕመምተኛ አነጋገርና ጠባይ

የአእምሮ ሐኪም ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው። የሚያዳምጠውም የተነገረውን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ጭምር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን በሐኪሞች መጽሐፍ «አና ኦ» የተባለችው የቪየና ወጣት ናት፤ እውነተኛ ስሟ በርታ ፓፐንሃይም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም.፣ በ21 ዓመቷ፣ አባቷን ስታስታምም እርሷም ታመመች። ኋላም የገዛ ቋንቋዋን ጀርመንኛን መናገር ተሳናት። በጀርመንኛ የሚነግሯትን እየሰማች መልሱን በእንግሊዝኛ ብቻ ትሰጥ ነበር። ይህን ሞኝ ቅብጠት ነው ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ቢያጋጥማት ኖሮ ማን በሰማት! ዮሴፍ ብሮየር ግን በትዕግሥት አዳመጣት። እርሷም ሕክምናውን ከልቧ ስትናገር «በንግግር መፈወስ»፣ ስትቀልድ «የጭስ ማውጫ ጠረጋ» አለችው። በሕመም መካከል እንዲህ የምትቀልድ ሴት መንፈሷ ብርቱ መሆኑን መገመት አያዳግትም። በዚያ ሕክምና ፈጽማ ባትድንም፣ በ1904 የጀርመን አይሁዳውያት ሴቶችን ማኅበር ለመመሥረት በቅታለች።

በአማርኛም «ፈራሁ» የሚል ሰው ፍርሃቱን የራሱ ያደርገዋል፤ «ፍርሃት ያዘኝ» የሚለው ግን ከውጭ እንደ መጣ ጠላት ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ቋንቋችን ራሱ ሁላችንን «ራበኝ፣ ጨነቀኝ» ያሰኘናልና፣ ሐኪሙ በአንድ ቃል አይፈርድም፤ የሚጠብቀው ሕመምተኛው ከሌላው ሰው ይልቅ ደጋግሞ የሚመለስበትን አነጋገር ነው።