በዝናብ ውስጥ የሚታይ ብስክሌተኛ

በክረምት ጠዋት፣ እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት በሚዘወተርበት ከተማ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ብስክሌተኛ ከግራጫው ሰማይና ከእርጥቡ አስፋልት ጋር ይመሳሰላል። ሾፌሩም የሚያየው ዝናብ መጥረጊያው በጠረገለት መስታወት በኩል ብቻ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መንገዱ ሲረጥብ ደግሞ ፍሬን ይዞ ለመቆም የበለጠ ርቀት ይፈልጋል።

ደማቅ ቢጫ ልብስ በቀን ጥሩ ነው፤ ሲጨልም ግን ብዙም አይረዳም። ያኔ የሚሠራው አንጸባራቂ ጨርቅ ነው፤ የመኪናውን መብራት ወደመጣበት ይመልሰዋል። የሚታሰርበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ጀርባ ላይ ያለው ዝም ብሎ የቆመ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረው ግን ከፔዳሉ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ሾፌሩ ብስክሌተኛ መሆኑን ቶሎ ይለያል። አንዲት ጠባብ ማሰሪያ ይህን ያህል መሥራቷ በእውነት ያስደንቃል።

አንጸባራቂ ጨርቅ ግን ብርሃን ካላረፈበት አይታይም። ስለዚህ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል። የኋላውን የዝናብ ልብሱ ጫፍ ወይም የተጫነ ዕቃ መሸፈን የለበትም፤ ከጎማው የሚረጨው ጭቃም ካልተጠረገ ብርሃኑን ያደበዝዘዋል።