በተጋጣሚ ላይ የሚያዝ የመንፈስ የበላይነት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በፑልና በከረንቡላ ቤቶች ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። በችሎታ ከማይበልጠው ሰው ጋር በገጠመ ቁጥር የሚሸነፍ ተጫዋች ሲታይ፣ «ያ ሰው ገዱ አይደለም» ይባላል። በእርግጥ አንዱ ተጫዋች በሌላው ላይ የመንፈስ የበላይነት ይይዛልን? ወይስ ይህ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ ስያሜ ብቻ ነው? ጥያቄው ለአሠልጣኝ ቀላል አይደለም፤ «እርሱን አታሸንፈውም» የተባለ ወጣት ቃሉን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባልና።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የፑል ዘመድ ከሆነው ከስኑከር የተገኘ ነው። ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሄንድሪና እንግሊዛዊው ጂሚ ዋይት፣ ሼፊልድ ከተማ በሚገኘው በክሩሲብል ቴአትር፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 4 ጊዜ ተገናኝተዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 18 ለ 12፣ በ1992 18 ለ 14፣ በ1993 18 ለ 5፣ በ1994 ደግሞ 18 ለ 17 ሆኖ አራቱንም ያሸነፈው ሄንድሪ ነው። በ1992 ዋይት 14 ለ 8 ሲመራ ቆይቶ፣ ሄንድሪ 10 ጨዋታ በተከታታይ ወሰደበት። በ1994 በመጨረሻው ጨዋታ ዋይት በቦታዋ ላይ የተቀመጠችውን ጥቁር ኳስ ሳተ፤ ሄንድሪም ከወንበሩ ተነሥቶ ጨዋታውን ፈጸመ።

ይህን የሰማ ሰው ፍርዱ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በችሎታ ፍጹም እኩል ከሆኑ ሁለት ተጫዋቾች አንዳቸው አራቱንም ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድል ከ8 አንድ ነው። ስለዚህ አጋጣሚ ብቻውን ያን ያህል ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሄንድሪ 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ የሚበልጥ ሰው ደጋግሞ ቢያሸንፍ ሌላ ምሥጢር መፈለግ አያሻም። ሦስተኛ፣ ዋይት በፍጻሜ የተሸነፈው በሄንድሪ ብቻ አይደለም። በ1984 በስቲቭ ዴቪስ 18 ለ 16፣ በ1991 በጆን ፓሮት 18 ለ 11 ተሸንፏል። በአንጻሩ ሄንድሪን በዚያው ቴአትር በ1988 13 ለ 12፣ በ1998 በመጀመሪያው ዙር 10 ለ 4 አሸንፎታል። እንግዲህ ዋይትን የከበደው ከሰውየው ይልቅ የፍጻሜው ግጥሚያ ይመስላል።

ከአገራችን ስፖርትም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። በ10,000 ሜትር በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አንደኛ ሲወጣ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ ነበር፤ በሲድኒ የለያያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ይሁን እንጂ በ2002 በለንደን ማራቶን ቴርጋት ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ ሆኑ። ውድድሩ ሲለወጥ ቅደም ተከተሉም ተለወጠ።

ይህ ማለት ግን የመንፈስ የበላይነት ከቶ የለም ማለት አይደለም። የጠረጴዛ ጨዋታ የራሱ ጠባይ አለው። ሯጭ ሲቀደም በእግሩ መልስ ይሰጣል፤ በፑልና በስኑከር ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው ተቀምጦ ከማየት በቀር መከላከያ የለውም። ያለፈው ሽንፈት የሚታወሰው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ተራው ሲደርስ ሐሳቡ ከኳሷ ይልቅ ከተጋጣሚው ጋር ይሆንና፣ በሌላ ሰው ፊት የማይመርጠውን ምት ይመርጣል፤ ወይ ከልክ በላይ ይጠነቀቃል፣ ወይ ይቸኩላል። ስለሆነም የበላይነቱ በአብዛኛው አሸናፊው የያዘው ኃይል ሳይሆን ተሸናፊው ተቀምጦ የሚሰጠው ነው።

ከዚህ የሚገኘው የሥራ ትምህርት ግልጽ ነው። አሠልጣኝ ተማሪው በማን እንደ ተሸነፈ ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛው ደረጃና በምን ያህል ነጥብ ላይ ሳለ እንደ ተሸነፈ ይመዝግብ። ምት እንደሚያስተምረው ሁሉ ተቀምጦ መጠበቅንም ያለማምደው። ከሁሉ በላይ፣ ጥቂት ሽንፈቶችን ቆጥሮ «ገድህ አይደለም» ከማለት ይቆጠብ፤ የሰጠው ስም ከወጣቱ ጋር ወንበሩ ላይ ይቀመጣልና።